ከበግ ጠጉር የተሠራው ሣር

ሟቹ አጎቴ ልበ ሰፊ ነበር ይላሉ። አልነበረም፤ አንዲት ስህተቴን እስኪሞት ድረስ አልማራትም።

አንድ የውጭ እንግዳ ለቤተ መንግሥት ያመጣውን ትንሽ ባቡር አይቶ፣ አንኮበር ባለው ግቢያችን ውስጥ አምሳያውን በእንጨት ሠራ። ባቡሩ ግን ብዙም ግድ አልሰጠውም፤ ያስጨነቀው በሐዲዱ ዳር መብቀል ያለበት ሣር ነበር። የበግ ጠጉር አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ አድቅቆ ቆርጦ ከተከለ በኋላ በደረቱ ተኝቶ ያየዋል። "ቀጥ ብሎ የቆመ ሣር ውሸት ነው" ይል ነበር።

ማጣበቂያውን ከመጽሐፍ አንብቤ የመረጥሁት እኔ ነበርሁ፤ የግራር ሙጫ። የመጀመሪያው ዝናብ ሁሉንም ጠራርጎ ወሰደው። የአልዩ አምባው ነጋዴ ኑሩ ይህን አይቶ ሳቀ።

"ወላሂ ጋሼ፣ ሙጫ ለእኛ ቆላ ይሆናል እንጂ የአንኮበርን ዝናብ አይችልም። ሰም ነው የሚይዘው።"

"አየህ ልጄ?" አለኝ አጎቴ። "አንተ መጽሐፍህን አንብብ፤ ኑሩ ሰሙን ያቅልጥ።"

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጎን ለጎን ተኝተው ሣሩን ሲያዘነብሉ፣ እኔ ደጃፍ ተቀምጬ አንድ ገጽ እንኳ ሳልገልጥ አያቸው ነበር። በቀብሩ ዕለትም ኑሩ ከእኔ አብልጦ ሲያለቅስ ቀናሁበት።

አሁን አጎቴ ይተኛበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው። ሣሩም እየተነቀለ ነው፤ ሰሙ ከምን ጋር እንደሚደባለቅ የሚያውቀው ኑሩ ብቻ ነው። ወደ አልዩ አምባ የምትወርዱ ካላችሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ እንዲመጣ ንገሩልኝ። እኔ እንደላክኋችሁ ግን አትንገሩት።