ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያደረ ሐሳብ

ባለፈው ሳምንት ዲላ ውስጥ ለእኛ ለመምህራን ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኙ ልጅ እግር ነው። ግድግዳው ላይ ትልልቅ ወረቀት ለጠፈና ተማሪዎቻችን በነፃነት እንዲያስቡ፣ ያሰቡትንም ያለ ፍርሃት እንዲናገሩ ማድረግ እንዳለብን ያስረዳን ጀመር። «ስህተት የሚባል ሐሳብ የለም» አለ። በሻይ ሰዓት ባልደረቦቼ ስለ አዲሱ ዘዴ ሲያወሩ እኔ ሳምቡሳዬን ይዤ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ለእኔ አዲስ አልነበረም። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ይህንኑ ያስተማረን ሰው ነበር፤ መጨረሻውንም አይቻለሁ።

ያደግሁት ከይርጋጨፌ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። ጥቅምት ገብቶ ቡናው መቅላት ሲጀምር ቆጯችንን በጎመን ጎርሰን፣ ከትምህርት በፊት ለቀማ እንወርድ ነበር። መንገዱ እሸት ቡና በጆንያ በተሸከመ ሰው ይሞላል። ደስ የሚል ወቅት ነው፤ ሽታው ባይኖር። ቡና ማጠቢያው፣ እኛ «ኢንዱስትሪ» የምንለው፣ እጣቢውን በቀጥታ ወንዛችን ውስጥ ይለቀው ነበር። ውሃው ይጠቁራል፣ ይገማል፤ ከብት እንኳ አፍንጫውን አስጠግቶ ይመለሳል። በእነዚያ ወራት ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት ዳገቱን ተሻግረው ይሄዳሉ። ይህን ማንም ጮክ ብሎ አያወራም። የግማሹ መንደር እንጀራ እዚያ ነበር።

መምህር ፍስሐ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት የሳይንስ አስተማሪ ነው። በዚያ ሁሉ ጭቃ መሃል ሸሚዙን ተኩሶ ይለብሳል፤ እኛም በዚህ እንስቅበት ነበር። ዓርብ ዓርብ ደብተር ያስዘጋንና አንድ ችግር ያቀርብልናል። በሰው ሐሳብ መሳቅ ክልክል ነው። የተባለውን ሁሉ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ልጁ እንዲኮራበት ብሎም ከጎኑ ስሙን ያኖራል። ደግሞ አያጠፋውም። «ሐሳብ ይደር» ይል ነበር። «ሰኞ መጥተን እንፈርድበታለን።» ስሜ ሰሌዳ ላይ የወጣ ዕለት እናቴ ትኩሳት የያዘኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች።

አንድ ዓርብ ስለ ወንዛችን ጠየቀን። አጠገቤ የምትቀመጠው ዝናሽ እጇን አወጣች። እናቷ ኢንዱስትሪው ውስጥ የተሰጣውን ቡና ስትለቅም የምትውል ሴት ናት።

«ቲቸር፣ ውሃው ወንዝ ሳይገባ ጉድጓድ ቢቆፈርለትስ? አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው ይፈሳል፤ ጭቃው እዚያው ይቀራል። ልጣጩን ደግሞ ለእንሰታችን ማዳበሪያ እንውሰደው።»

መምህር ፍስሐ ጠመኔውን እንደያዘ ትንሽ አያት። ከዚያ ጉድጓዶቹን እየተጣደፈ ሣላቸው፤ ከሥራቸውም «ዝናሽ» ብሎ ጻፈ።

በማግስቱ የወላጆች ስብሰባ ነበር። ሰፊው የእኛ ክፍል ስለሆነ እዚያ ተቀመጡ፤ እኔም ከአባቴ ጋር ሄጄ ነበር። የኢንዱስትሪው ባለቤት የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ቆርቆሮ ያለበሱ ሰው በመሆናቸው ፊት ወንበር ተሰጣቸው። ዳይሬክተሩ ሲናገር እሳቸው ሰሌዳውን ያነባሉ።

«ይቺ ዝናሽ የማን ልጅ ናት?» አሉ ፈገግ ብለው።

የመምህር ፍስሐ ፊት በደስታ በራ። «ጎበዝ ተማሪዬ ናት፣ ጋሼ! እናቷም እኮ እርስዎ ዘንድ ነው የምትሠራው።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሁሉ ሰው ነገሩ ያልገባው መምህሩ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የዝናሽ እናት ሥራ የለም ተብላ ከበር ተመለሰች። አባቷ ትምህርት ቤት መጥቶ መምህሩን ክፍላችን በር ላይ ያዘው።

«ልጄ አልተናገረም በል» አለው በተሰባበረ አማርኛ። «አንተ ነህ ያልከው። ልጄ ምን ያውቃል?»

መምህር ፍስሐ ሳያቅማማ ወደ ኢንዱስትሪው ባለቤት ሄዶ ሐሳቡ የራሱ እንደሆነ ተናገረ። ሰውየው ለስላሳ ጋብዘው «እኔ መቼ ምን አልኩ?» ብለው ሸኙት። እናቷን ግን አልመለሷትም፤ ሌላ ኢንዱስትሪም አልቀጠራትም። የገና በዓል ሳይደርስ ዝናሽ ትምህርቷን ትታ ዲላ ሰው ቤት ገባች። ልብሷን በፌስታል ይዛ ሚኒባስ ስትሳፈር አየኋት፤ እጄን ባወዛውዝላትም ዞር ብላ አላየችኝም። የዚያን ሳምንት ዓርብ መምህር ፍስሐ «ደብተር አውጡ» አለና እስከ ደወል ሲያስገለብጠን ዋለ። በዓመቱ ተቀይሮ ሄደ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ልጅቷ ትክክል ነበረቻ! እርግጥ ነው፣ ስህተት የሚባል ሐሳብ ላይኖር ይችላል። የማን ሐሳብ ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን አይጠፋም።

ዘንድሮ የማስተምራት ኤደን የምትባል ልጅ አለች። በፈተና የሚደርስባት የለም፤ ክፍል ውስጥ ግን ድምፅዋ አይሰማም። የወላጆች ቀን እናቷ ስትመጣ ዝናሽ ሆና አገኘኋት። ገበያ ውስጥ አቮካዶና አናናስ ትቸረችራለች። ተቃቅፈን ብዙ ሳቅን። የልጅቷን ዝምታ ሳነሣባት ግን ሳቋ ጠፋ።

«የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ ያልኳት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ሌሎቹን አናግራቸው። የእኔን ተዋት፣ በሞቴ።»

ከሰኞ ጀምሮ የሠለጠንነውን በየክፍላችን እንድንሞክር ታዘናል፤ እሞክራለሁም። ኤደን እጇን ብታወጣ ደስ ይለኛል። ባታወጣ ደግሞ በልቤ እፎይ እላለሁ፤ እኔን መምህሩን የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው።