የሬዲዮኑን ላስቲክ የገፈፍኩ ዕለት

የዚያን ቀን ጠዋት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዕቃ ላይ ላስቲክ ገፈፍኩ። የገፈፍኩት ደግሞ ቤታችን ውስጥ ካለው ላስቲክ ሁሉ መገፈፍ የሌለበትን አንዱን ነው።

ለማያውቀኝ ሰው ላስረዳ። እኔ ጡረታ እስክወጣ የመጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ዕቃ እንደታሸገ ይገባል፣ እንደታሸገ ይወጣል። መሃል ላይ እኔ ማሸጊያው እንዳይነካ እጠብቃለሁ። ጡረታ ስወጣ ሥራውን አስረክቤ ጠባዩን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ለሚ ኩራ ባለው ኮንዶሚኒየማችን የፍሪጁ በር እስከ ዛሬ ሰማያዊ ላስቲኩን እንደለበሰ ነው። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በፌስታል ተጠቅልሎ ስለታሰረ ጣቢያ ለመቀየር ጉልበት ይጠይቃል። ሶፋችን ላይ የተቀመጠ እንግዳ በተነቃነቀ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፤ ስለዚህ እንግዳ ብዙ አይቆይብንም።

«ስታገባኝ እኔንም በላስቲክ ጠቅልለኸኝ ቢሆን ሳላረጅ እቀር ነበር» ትላለች ባለቤቴ።

«አንቺንማ ሞክሬ ነበር፤ አፍሽ ጋ ሲደርስ ተቀደደ» እላታለሁ።

ሬዲዮኑ የእሷ ነው። በአጭር ሞገድ የሚሠራ አሮጌ ሬዲዮ ሲሆን ጣቢያ መፈለጊያው ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው፤ አንዱ ቁጥሩን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይወስዳል። ቁልፉን ተጭነው ከያዙት ራሱ እየሮጠ ይፈልግና ደስ ያለው ጣቢያ ላይ ይቆማል። የሚቆመው እሷ የምትፈልገው ላይ ስላልሆነ፣ የግድ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል። የስክሪኑ መብራት ግን ክረምት ላይ ሞቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ምስኪኗ በስልኳ መብራት እያጮለቀች ነው የምታነበው። መነጽሯን በአንድ እጅ፣ ስልኳን በአንድ እጅ ትይዝና ቁልፉን የምትጫንበት እጅ ታጣለች።

ያን ምሽት ደግሞ ነገሩ ከወትሮው የተለየ ነበር። ወላይታ ያለው ወንድሟ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ ነው። ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ ጠፍቶ ከርሟል። «አሁን ድኛለሁ፤ ከመዘምራኑ ጋር ዘምሬ ተቀርጫለሁ። ዛሬ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ስሚኝ» ብሎ የጣቢያውን ቁጥር በስልክ ነገራት። ጣቢያው ከአጭር ሞገድ ሌላ የትም አይገኝም።

«በስልክማ ማንም ሰው ደህና ነኝ ይላል» አለችኝ። «ሲዘምር በጆሮዬ ካልሰማሁት አላምነውም።»

እንግዲህ እሷ ጠዋት ገበያ ስትወጣ እኔ ካቻቢቴዬን አወጣሁ። በወጣትነቴ የሬዲዮ ጥገና ትምህርት ጀምሬ ነበር፤ እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ ድረስ ሊቅ ነኝ። ሬዲዮኑን ፈታሁ። ከሥሩ ባትሪ መብራት ካላት አንዲት ያለቀች ላይተር ውስጥ አምፖሏን አውጥቼ በሞተው አምፖል ቦታ በየድኩ። አውራ ጣቴን ሁለቴ አቃጠልኩ፤ የጠረጴዛውን ላስቲክም በሳሁት። ግን በራ! ስክሪኑ ወገግ አለ፣ ቁጥሮቹ ጥቁር ሆነው ቁልጭ አሉ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ሰው እባል ነበር። ነገር ግን የስክሪኑ ጠርዝ ላይ አንድ ስስ ላስቲክ ጫፉ ተነስቶ አየሁ። ባለቤቴ በላስቲኬ ላይ የምታሰማው ስሞታ ሁሉ ትዝ አለኝ። ዛሬስ ላስደስታት፣ ገና ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጌ ልጠብቃት አልኩና ጫፉን በጥፍሬ ይዤ ጭርር አድርጌ ገፈፍኩት። እንደ ከረሜላ ወረቀት ጨምድጄ ወረወርኩት።

ቀና ስል ስክሪኑ ላይ ቁጥር የለም። መብራቱ አለ፤ ቁጥሩ የለም። ወገግ ያለ ባዶ።

ሬዲዮኑን በፌስታል አድርጌ በታክሲ ቦሌ ሚካኤል ወረድኩ። ዕቃ ጠጋኙ ደንበኛዬ ነው። ግራና ቀኝ አገላብጦ አየውና አንገቱን ነቀነቀ።

«አባባ፣ መብራቱን ማን ሠራው?»

«እኔ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ስክሪኑንስ ማን ገደለው?»

 ለሁለቱም አንድ ሰው ተጠያቂ መሆኑን ፊቴ ላይ አነበበው። «ይተዉልኝና በሳምንቱ ይመለሱ» አለኝ። ሳምንት ለእኔ ምን ይሠራል? ሟቹን ታቅፌ ተመለስኩ።

ባለቤቴ ስታየኝ አልጮኸችም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ሬዲዮኑን በረንዳው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና፣ «በል አሁን በአፍህ ዘምርልኝ» ብላኝ ወደ ማድቤት ገባች።

ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ጎረቤታችን መጣች። ፊት ለፊታችን የምትኖር የስልጤ ሴት ናት፤ ቦሌ ሚካኤል የጨርቅ ሱቅ አላት። ወንድምየውን አብራን ልትሰማ ተጋብዛ ነበር፤ ሬዲዮኑ መበላሸቱን ደረጃው ላይ ሳገኛት ነግሬያታለሁ። ከዱባይ ያመጣችውን ጥቁር መነጽር ሳታወልቅ ነው የገባችው። የመነጽሩ አንደኛው መስታወት ጥግ ላይ የወርቅ ቀለም ያለው ስቲከር አለ፤ ገዝታው ብዙ ጊዜ ሆናት፤ አልላጠችውም። «ኦርጅናል መሆኑ በምን ይታወቃል ታዲያ?» ትላለች። በብሎካችን ውስጥ የምንግባባ ሰዎች እኔና እሷ ነን።

ሁለት እጇ በዕቃ ተይዟል፤ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ቀርቅራ ከአንድ ደንበኛዋ ጋር ትጣላለች። «ሰማያዊው ይለቃል ብዬህ ነበር! ... አላልኩም? ... ወላሂ ብያለሁ!» እያለች በሬዲዮኑ አጠገብ ስታልፍ ቆም አለችና፣

«ምነው ጋሼ፣ ተበላሽቷል አላሉኝም? ቁጥሩ ይኸው ይታያል!» ብላ ከስክሪኑ ላይ አነበበችልኝ።

ዘልዬ ተነሳሁ። ባዶ ነው።

«የታለ?»

ዕቃዋን አስቀምጣ ስልኩን ዘጋች፣ ቀና ብላ አየች። «እንዴ! ጠፋ!»

አእምሮዬ ሁለተኛውን ምዕራፍ መሠረት አድርጎ ወዲያው አሰላ። «ስልኩ ነው!» አልኩ። «የስልኩ ሞገድ ነው ቁጥሩን የሚያመጣው! ደውዪለት እንደገና!»

«ማንን?»

«ጨርቁ የለቀቀበትን ሰውዬ!»

«ጋሼ፣ አሁን ተሰዳድበን ተለያይተን?»

«ይቅርታ ጠይቂውና ቶሎ ተጣዪው!»

ደወለች። ሰውየው አያነሳም። ስልኩን ከሬዲዮኑ ጋር አጣበቅኩት፣ ከላዩም ከሥሩም አደረግኩት፤ ምንም። ባለቤቴ ከማድቤት በር ላይ ሆና ስታየን ቆይታ ነበርና፣

«አንተ ሰውዬ፣ እሷ ስታነብ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነበር። መነጽሩንም አድርጋ ነበር። ስልክ ስልክ ከምትል መነጽሩን ስጪኝ በላት» አለች።

መነጽሩን ከጎረቤታችን ወስዳ አደረገችና ጭልፊት እንዳየች ዶሮ አንገቷን ሰበር አደረገች። «አየሁት» አለች ቀስ ብላ።

ምክንያቱን ኋላ ነው የሰማሁት። ያ የገፈፍኩት ላስቲክ ለካ የስክሪኑ ግማሽ አካል ኖሯል፤ ያለ እሱ ቁጥሩ እያለ ለዓይን አይታይም። የጎረቤታችን ዓይነት መነጽር ደግሞ እንደዚያው ያለ ነገር በውስጡ አለው፤ የሚሠራው ግን አንገት ዘንበል ሲል ነው። ያን ሰዓት ግን ማን ምክንያት ይጠይቃል? አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው።

እዚህ ላይ የሰፈራችን መብራት ጥፍት አለ።

ሬዲዮኑ በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ አልጠፋም። በጨለማው ውስጥ የላይተሯ አምፖል ብቻዋን ታበራለች። «አያችሁ? ማን ነው የሠራት?» ብዬ ጠየቅኩ። ባለቤቴ በጨለማ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ አንገቷን ሰብራ፣ ቁልፉን ትጫናለች። ሬዲዮኑ ይንጫረራል፣ ያፏጫል፣ በማናውቀው ቋንቋ ይቆጣል።

«ቀረበ... አለፈ... ተመለስ አንተ!» ትላለች ቁጥሩን። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «የመጨረሻው ቁጥር ላይ የሆነ ነገር ይጋርደኛል። ሦስት ይሁን ስምንት አላውቅም። ጀምሯል እኮ፣ አልፎኛል!»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። መስታወቱ ላይ ያለው ያ ስቲከር ነው።

ማሰብ አላስፈለገኝም። እጄ ከጠዋት ጀምሮ ለምዷል። ከፊቷ ላይ ጭርር አድርጌ ገፈፍኩት።

«ጋሼ!» አለች ጎረቤታችን። ድምፅዋ ልጇ ደረጃ ላይ እንደወደቀባት እናት ድምፅ ነበር።

«ስምንት ነው!» አለች ባለቤቴ፤ ቁልፉንም ተጫነች።

መዘምራኑ ገቡ። ሩቅ ናቸው፣ ከዝናብ ጀርባ የሚዘምሩ ይመስላል። ከሁሉም ፊት አንድ ሻካራ የወንድ ድምፅ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ገና አንዱን ቃል ሳይጨርሱ እሱ ቀጣዩን ይጀምራል። ባለቤቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የምታለቅስ መስሎኝ እጄን ትከሻዋ ላይ ሳደርግ ለካ ትስቃለች።

«ቀድሟቸዋል!» አለች። «እንደ ድሮው ቀድሟቸዋል! ከልጅነቱ ጀምሮ መዝሙር እንደ እራት ነው የሚሻማው። ድኗል፤ እውነቱን ነው፣ ድኗል።»

መዝሙሩ እስኪያልቅ መነጽሩን አላወለቀችም። ከሥሩ እንባ ሲወርድ በአምፖሏ ብርሃን አየሁ። ጎረቤታችንም አዳመጠች፤ መዝሙሩ በማታውቀው በወላይትኛ ቢሆንም በየመሃሉ «ማሻአላህ» ትላለች። ሲያልቅ መነጽሯን ተቀበለች፣ ጥጉን በጣቷ ዳሰሰችና ተነፈሰች።

«ለእትዬ ወንድም ሲባል ይሁን» አለችኝ በሩ ላይ። «ስቲከሬን ግን ያመጣሉ ጋሼ።»

መብራት ሲመጣ ስቲከሩ ክርኔ ላይ ተለጥፎ ተገኘ፤ ተጨማዷል፣ የሹራቤ ጸጉርም ይዞበታል። ሬዲዮኑ እንኳ ከዚያ ወዲህ ድኗል፤ የቦሌ ሚካኤሉ ጠጋኝ ከሞተ ካልኩሌተር ላይ ተመሳሳዩን ላስቲክ ቆርጦ ለጠፈበት። ስቲከሩ ግን አልዳነም። በሙጫ ሞከርኩ፣ አጣመምኩት። አሁን መጽሐፍ ውስጥ ከትቼ እንዲቃና ተጭኜዋለሁ። ጠዋት በረንዳ ላይ ስቆም ጎረቤቴ ከታች መኪናዋን ታስነሳና ጥሩምባዋን አንዴ ትነፋለች፤ ቀና ብላ ታየኝና የመነጽሯን ባዶ ጥግ በጣቷ ጠቆም አድርጋልኝ ወደ ሱቋ ትሄዳለች።