የመሪጌታ ልጅ ቡልጋሪያ ስትጫወት

እታገኘሁ ቁመቷን ከየት እንዳመጣችው ዘመዶቿ ተከራክረው አልጨረሱም። አባቷ መሪጌታ ሐብተ ማርያም አጭር ናቸው፤ እናቷም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከሳቸው አትበልጥም ነበር። ልጅቱ ግን ገና ተማሪ ሳለች የቤቱን ጉበን በግንባሯ መምታት ጀመረች። ጎረቤቱ «ይችን ደግሞ ማን ያገባታል?» እያለ ሲያዝንላት፣ የስፖርት አስተማሪዋ አንድ ቀን አያትና ወስዶ መረብ ኳስ ሜዳ ላይ አቆማት። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

ሆስፒታል በረዳት ነርስነት ከተቀጠረች በኋላም ኳሷን አልተወችም። ጠዋት መርፌ ትወጋለች፣ ከሰዓት በኋላ ኳስ ትመታለች። በሽተኞቹ «እጇ ከባድ ነው» ብለው የሚያሟት ያለ ነገር አይመስለኝም። የጎንደርን ክፍለ ሀገር ወክላ አዲስ አበባ ስትጫወት መራጮች ዓይናቸውን ጣሉባትና ለሴቶች ብሔራዊ ቡድን ተመረጠች። ቡድኑ ቡልጋሪያ ሄዶ ሦስት የወዳጅነት ጨዋታ ሊያደርግ ነው።

መሪጌታ ይኼን ሲሰሙ ዳዊታቸውን ገልጠው ማንበባቸውን ቀጠሉ። ልጃቸው በቁምጣ እንደምትጫወት ያውቃሉ፤ አንድም ቀን ግን ሜዳ ሄደው አላዩዋትም። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጠሯት።

«እንግዲህ ሂጅ» አሏት። «የቁምጣውን ነገር እኔና ፈጣሪ እንነጋገርበታለን። ይችን ግን ለማንም ብለሽ እንዳትበጥሻት።» ጣታቸው አንገቷ ላይ ያለችውን የጥቁር ሐር ማተብ ነካ።

«እሽ አባየ።»

ሽማግሌው ይኼን ያሏት ወደው አይደለም። ጊዜው የደርግ ነው፤ ማተብ ማሰር ኋላ ቀርነት ተብሎ በየስብሰባው ይሾፍበታል። ጓድ ለመባል ሲሉ አንገታቸውን ካራቆቱት ወጣቶች መካከል መሪጌታ ራሳቸው ዳዊት ያስደገሟቸው ነበሩበት። ይህ አንጀታቸውን አቁስሎታል። የቀረችው አንዲት ልጃቸውም እንደነዚያ ሆና የተመለሰች ቀን በሕይወት መኖራቸውን እንጃ። እታገኘሁም ይኼን አሳምራ ታውቃለች።

ሶፊያ ላይ የገጠማት እንግዲህ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ሊጀመር ሲል ዳኛዋ ተጫዋቾቹን እየዞረች ስታይ፣ እታገኘሁ ዘንድ ስትደርስ ቆመችና ወደ አንገቷ ጠቆመች። አሠልጣኙ ፋንታሁን እየሮጠ መጣ።

«ሕግ ነው፤ አንገት ላይ ምንም ነገር አይፈቀድም። በጥሽውና ግቢ! ስንመለስ ሌላ ታስሪያለሽ።»

«አልበጥሰውም።»

«እታገኘሁ፣ ለአንድ ክር ብለሽ አገር ልታዋርጂ ነው?»

ፋንታሁን ክፉ ሰው አልነበረም፤ የቸኮለ ሰው ነበር። እሷ ግን ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። ቡድኑ በግላጭ ተሸነፈ። ተጫውቶ መሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ እጅን አጣምሮ የጓደኛን ሽንፈት ማየት ግን ምን ስም እንደሚሰጠው አላውቅም። በዳኛዋ ተናደደች፣ በፋንታሁን ተናደደች፣ ይቅር ይበላትና ትንሽ ትንሽ በአባቷም ተናደደች። ሆቴል ስትገባ እራት ሳትቀምስ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ክፍል የምትጋራት ትርንጎ የምትባል የደሴ ልጅ ናት። በቡድኑ ውስጥ በቁመት ከሁሉም ታንሳለች፤ በምላስ ግን የሚደርስባት የለም።

«አባትሽ ምን ነበር ያሉሽ?» ስትል ጠየቀቻት።

«እንዳትበጥሻት።»

«አንገትሽ ላይ ብቻ ትኑር ብለዋል?»

«ምነው፣ ሌላ የት ትኖራለች?»

«ነይ ቁጭ በይ፤ ፀጉርሽን ልሥራሽ።»

ማተቧ ላላ ያለች ስለነበረች ቋጠሮዋ ሳይነካ በጭንቅላቷ በኩል ወጣች። ትርንጎም ፀጉሯን እየጎነጎነች ያችን ክር ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ድረስ ከሹሩባው ጋር አብራ ሠራቻት። ጥቁር ክር በጥቁር ፀጉር፤ መስተዋት ፊት ቆማ ራሷ እታገኘሁ ፈልጋ አጣቻት።

«ነውር አይሆንም?» አለች በፍርሃት።

«ራስ ከአንገት በላይ አይደለም እንዴ? ከፍ አደረግሽው እንጂ!»

በማግስቱ ዳኛዋ አንገቷን አይታ አለፈቻት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ኳሷ ትናገር። ትርንጎ ከፍ አድርጋ ታቀብላለች፣ እታገኘሁ ዘላ ታወርዳለች። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም አሸነፉ። ፋንታሁን ከደስታው ብዛት ዳኛዋን ሊስም ምንም አልቀረው።

ታዲያ ደስታ ሙሉ ሆኖ አያውቅም። እታገኘሁ መረቡ ላይ ዘላ ሳለች የተነሳችው ፎቶግራፍ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ጋዜጣው ደግሞ ከሷ ቀድሞ ጎንደር ገባ። ፎቶግራፉ ላይ አንገቷ ባዶ ነው። አራዳ ገበያ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ጋዜጣውን እየተቀባበሉ አዩት። «በቅሎ ማሰሪያዋን ብትበጥስ በራሷ አሳጠረች» ያለም ነበር። አንዱ የቀበሌ ሰው መሪጌታን መንገድ ላይ አስቁሞ «ልጅዎ ነቃች፤ እርስዎስ?» አላቸው። መሪጌታ ጋዜጣውን ተቀብለው አዩት፣ አጥፈው መለሱለት፣ መንገዳቸውንም ቀጠሉ።

እታገኘሁ ይኼን ሁሉ የሰማችው አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወርድ ሊቀበሏት ከመጡት የሥራ ባልደረቦቿ ነው። ደስታዋ ሁሉ እንደ ጉም በነነ። ሹሩባዋን እስካሁን ያልፈታችው አባቷ በዓይናቸው እንዲያዩላት ነበር፤ አሁን ግን ማየት ቀርቶ በር ይከፍቱልኝ ይሆን እያለች እስከ ከተማ ድረስ ሹሩባዋን ስትዳብስ ሄደች።

ሰፈር ስትደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቷል። መሪጌታ ግቢያቸው ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ቀና ስትል ዓይናቸው አንገቷ ላይ ነው።

«አባየ፣ አልበጠስኋትም። እዚህ...» አለችና እጇን ወደ ሹሩባዋ ሰዳ ጉንጉኑን ልትፈታ ጀመረች።

መሪጌታ እጇን ያዙት።

«ተይው፤ ሸጋ አርገው የሠሩትን አታፍርሽው» አሏት። «አንገትሽን ያየ ሰው ብዙ ነው። ያሳደግሁሽ ግን እኔ ነኝ።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እሳቸው ግን አጥር ላይ ወደ ተንጠለጠለው ጎረቤት ዘወር አሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቋት፤

«ይልቅ ንገሪኝ እስኪ፤ ስንት ለስንት አሸነፋችሁ?»