ፍራንክፈርት፦ በሁለት አንጋፋ የተለወጠው የመጀመሪያ ምርጫ

የሰፈራችን የኳስ ቡድን ልጆች ሰሞኑን ጎራ ለይተዋል። ግማሾቹ «ታዳጊዎቻችንን ሰጥተን ከማዶ ሰፈር የበሰሉ ተጫዋቾች እናምጣ» ይላሉ፤ ግማሾቹ «ሞተን ነው!» ይላሉ። ትናንት ደጄ ድረስ መጥተው «እማማ አስካለ፣ ያንን የፍራንክፈርቱን ይንገሩን፤ እርስዎ በዐይንዎ አይተዋል» አሉኝ። በአፍ ብነግራቸው ሁሉም የሚጥመውን ቆርጦ ይዞ ይሄዳል ብዬ ደብተር አስገዛሁ። ፊደል የቆጠርኩት መሠረተ ትምህርት ላይ ነውና እጄ ይዘገያል፤ መንገዱን ግን አልረሳሁትም።

ከናዝሬት መነሻ

የእኔ እግር አርፎ አያውቅም። ሽንኩርት ጭኜ በባቡር ድሬዳዋ ተመላልሻለሁ፣ ጅቡቲም ገብቼ ወጥቻለሁ፣ ቁልቢ የሄድኩበትንማ አልቆጥረውም። በዚያ ሁሉ መንገድ ፈርቼ አላውቅም። የፍራንክፈርቱ ግን ሌላ ነበር። ደርግ በወደቀ በአራተኛው ዓመት ነው።

የመጨረሻ ልጄ ግርማ ለትምህርት ብሎ ጀርመን ሄዶ በዚያው ቀርቷል። በስልክ ሲያወራኝ አመሉ ማማረር ነበር፤ ብርዱን፣ አለቃውን፣ የዳቦውን ድርቀት ሳይቀር ያማርራል። ሚስቱ ከተለየችው ወዲህ ግን በደወለ ቁጥር «ደህና ነኝ እማ» ብቻ ሆነ። የሚያማርር ልጅ ማማረር ሲተው እናት ትፈራለች። ዐይኔን ጥዬበት ልምጣ ብዬ ተነሳሁ።

ወረቀቱ ሦስት ወር ፈጀ። በመጨረሻ በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ቋጥሬ በሚኒባስ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ከዚያ አውሮፕላን። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ቀበቶውን አሰረችልኝና «ይፈራሉ እንዴ እማማ?» አለችኝ። «መውደቁን አይደለም የምፈራው፤ መድረሱን ነው» አልኳት።

ቦናመስ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ

ማለዳ ደረስን። ግርማ ከመስተዋቱ ማዶ ቆሟል፤ ኮቱ ከትከሻው ሰፍቶ የሰው ኮት መስሏል። ገና ሳልጠይቀው «ደህና ነኝ እማ» አለኝ።

ከአየር ማረፊያው ኤስ-ባን በሚሉት ባቡር፣ ቀጥሎ ኡ-ባን በሚሉት የከተማ ባቡር ሄድን። ቲኬቱን የሚቆርጠው ማሽን ነው፤ ወያላ የለ፣ የሚጣራ የለ፣ ሰው ሁሉ እንደ ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ ይሄዳል። ግርማ ቦናመስ በሚባለው ሰፈር የሚኖርበት ሕንፃ ላይ ስንደርስ አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ አየሁት። ሊፍቱ እያንገራገረ ሲወጣ እኔ የማርያምን ስም እጠራ ነበር።

ቤቱ ውስጥ አንድ ሶፋ፣ አንድ ጠረጴዛ። ፍሪጁ ውስጥ ሰናፍጭና ወተት። በረንዳው ላይ ግን አሥራ አምስት ቢጫ ማሊያ ታጥቦ ተሰጥቷል፤ ነፋሱ እየነፋቸው ደረታቸውን የነፉ ሰዎች ይመስላሉ። «ይኼ ሁሉ የማን ነው?» ብለው፣ «የፌራይኑ ነው» አለኝ። ማኅበራቸውን ነው ፌራይን የሚሉት። ሊቀመንበሩም አጣቢውም እሱ ነው። ቀን አየር ማረፊያ ጭነት ሲጭን ይውላል፣ ቀሪው ዕድሜው እዚያ ማሊያ ውስጥ ነው።

ነገሩን ቀስ በቀስ ነገረኝ። በየጀርመን ከተማው ያሉ የእኛ ሰዎች ቡድን ነበራቸው። በዓመት አንዴ፣ ፈረንጆቹ ጰራቅሊጦስን ሲያከብሩ፣ ስድስቱ ቡድኖች ተሰብስበው ይጋጠማሉ። አዲስ በሚመጡ ወጣቶች እንዳይሻሙ ሕግ አበጅተዋል፤ የልጆቹ ስም ይጻፋል፣ ቡድኖቹ በተራ ይመርጣሉ፣ ዐምና መጨረሻ የወጣው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል። ደካማው እንዲጠነክር ነው። ሌላም ሕግ አለ፤ ሦስት ዓመት ተከታትሎ መጨረሻ የወጣ ቡድን ይፈርሳል፣ ተጫዋቾቹም ለሌሎቹ ይከፋፈላሉ። የግርማ ቡድን ሁለት ዓመት መጨረሻ ወጥቷል። የመጀመሪያው ምርጫ በእጁ ነው፤ ገመዱም አንገቱ ላይ ነው።

በዚያ ምርጫ ማን እንደሚወሰድ ሁሉም ያውቃል። ብሩክ የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ግራ እግሩ ልዩ ነው ይሉታል። የኮሎኝ ቡድን ደግሞ ለግርማ መልእክት ልኳል፦ «ምርጫህን ስጠንና ሁለት አንጋፋ እንሰጥሃለን፤ በረኛና ተከላካይ።»

«ቡድኑ ቢፈርስ ምን ትሆናለህ?» አልኩት።

እንጀራውን ቆሞ እየበላ ነበር። ሳህኑን አስቀምጦ ማሊያዎቹን ሊሰበስብ ወደ በረንዳው ወጣ።

የዐርቡ ስልክ

ዐርብ ቀን ገበያ ወሰደኝ፤ በዓለ ሃምሳ ነውና ጾም የለብኝም። ነጭ ጣት የመሰለ ሽፓርገል የሚሉት አትክልት አየሁ፤ አንዱ ኪሎ አሥር ማርክ ነው ሲለኝ እጄን ሰበሰብኩ። በምትኩ ሰባት ዓይነት ቅጠል ገዝተን እነሱ እንደሚያደርጉት በእርጎ መታነው፤ ከእንቁላልና ከድንች ጋር ይበላል። ቃሪያ ብጨምርበት ይሻል ነበር፤ ያም ሆኖ ጣፈጠኝ።

እየበላን ሳለ ስልክ ጮኸ። አቶ እድሪስ ነው፤ የቡድኑን ኳስና ቁልፍ የሚይዝ፣ ከአስመራ የመጣ የግርማ የቅርብ ወዳጅ። ግርማ ብዙ ሰማ፣ ጥቂት ተናገረ። ስልኩን ከዘጋ በኋላም እጀታውን ሳይለቅ ቆሞ ቀረ። «ሰው ሞተ?»

«የለም እማ። ነገ ስብሰባ አለን፤ አብረሽኝ ትሄጃለሽ።»

«እኔ በኳስ ስብሰባ ምን እሠራለሁ? እግሬም አብጧል።»

«ትቀመጫለሽ፤ ሌላ ምንም። ነጩን ቀሚስሽን ልበሺ።» አለና ካውያውን አውጥቶ ራሱ ተኮሰልኝ። ልጄ ከሰው ሊያስተዋውቀኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ጉትሎይትፊርቴል፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ስብሰባው ጉትሎይትፊርቴል በሚባል ሰፈር፣ ከወንዝ አጠገብ፣ አንድ ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ግርማ ሁሉን ቀድሞ ደርሶ ወንበሬን በሩ ፊት ለፊት፣ ከጠረጴዛው ራስጌ አደረገልኝ። የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው። እያንዳንዱ ደንገጥ ይልና ጎንበስ ብሎ ይስመኛል።

አንዱ ረጅም ሰው ከደረጃው ላይ ጀምሮ ድምፁ ይሰማ ነበር። ታዲዮስ ይባላል፤ የቡድኑ አምበል ነው። የታጠፈ ወረቀት በእጁ ይዟል። እኔን ሲያይ ንግግሩ ተቋረጠ። «እንኳን ደህና መጡ እማማ» ብሎ ትከሻዬን ሳመኝና ወረቀቱን ኪሱ ከተተ። ሞቶ የተቀበረ ታላቅ ወንድሜን ይመስላል፤ ስብሰባው እስኪያልቅ እሱን እያየሁ ፈገግ ስል ነበር።

አሥራ አራት ሲሞሉ ግርማ «እማ፣ ከመጀመራችን በፊት መርቂን» አለኝ። ተነሳሁ። «አንድ ልብ ያድርጋችሁ። ጠላት በመካከላችሁ አይግባ። ልጄን በሰው አገር የያዛችሁልኝን፣ እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ይያዝላችሁ።»

«አሜን!» አሉ። የአቶ እድሪስ አሜን ከሁሉም በልጦ ተሰማ።

ግርማ የኮሎኝን መልእክት አነበበ። በረኛው በቀለ አርባ አንድ፣ ተከላካዩ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

«ሽማግሌ ፍለጋ ኮሎኝ ድረስ?» አለ አቶ እድሪስ። «እኔ እዚሁ በነጻ አለሁላችሁ አይደል!»

«አንተማ አገርህን ይዘህ ሄደሃል» አለው አንዱ።

«አገሩን ይዤ ብሄድም ኳሱ ያለው እኔ ጋር ነው። ቁልፉም!»

ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ታዲዮስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ግርማ፣ ብሩክ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አሥር ዓመት ይጫወትልናል። እነዚህ ሰዎች ግን…» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ፈገግ አልኩለት። ኪሱን ዳበሰ፣ እጁንም መለሰ። «እነዚህ ሰዎች ግን… ልምድ አላቸው።»

«አሥር ዓመት የሚጫወትለት ቡድን ዘንድሮ ከፈረሰስ?» አለ ግርማ። «ዛሬ እያፈሰሰ ላለ ቤት የከርሞ ጣሪያ ምን ያደርግለታል? የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ።»

የግርማና የአቶ እድሪስ እጅ ወጣ። ሌሎቹ ወደ ታዲዮስ፣ ታዲዮስም ወደ እኔ አየ። ሦስተኛ እጅ ወጣ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ። የታዲዮስ እጅ መጨረሻ ወጣ። አሥራ አራት። እንባዬ መጣ። ልጄን እንዴት ይወዱታል! አልኩ።

በማግስቱ ኮሎኞች በእኛ ምርጫ ብሩክን ወሰዱ።

የኒዳ ዳር ሜዳ

በቀለና ጓደኛው ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር እየመጡ ተለማመዱ። በቀለ ጸጉሩ ገባ ገባ ያለ፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ጉልበቱን በቅባት ሲያሽ ደርሼ «ይኼ እግር ያደርስሃል ልጄ?» አልኩት።

«ጉልበቴ አርጅቷል እማማ። መቆሚያዬን ግን አውቃለሁ።»

መልሱ አላጽናናኝም። በበረንዳው ላይ የተሰጡትን ማሊያዎች ባየሁ ቁጥር ባዶ ገመድ ይታየኝ ጀመር።

ውድድሩ እዚያው ቦናመስ፣ ኒዳ የምትባለው ትንሽ ወንዝ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ሆነ። ሰው ከየከተማው ጎርፏል፤ ልጆቹ በጀርመንኛ ይንጫጫሉ፣ እናቶቻቸው በአማርኛ ይቆጧቸዋል። እኛ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱን ተሸነፍን፣ አንዱን አቻ ወጣን። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንዱን በጭንቅ አሸነፍን። የቀረው የመጨረሻው ነው፤ ከኮሎኝ ጋር። ከተሸነፍን መጨረሻ፤ አቻ ከወጣን ከአንድ ቡድን በላይ እንተርፋለን።

ኳስ አላውቅም፤ የማውቀው የልጄን ፊት ነው። ሜዳውን ትቼ እሱን አያለሁ። አቶ እድሪስ አጠገቤ ቆሞ በአንድ እጁ መቁጠሪያውን፣ በሌላው የእኔን ክንድ ይዟል። «አይዞዎት» ይለኛል፤ ክንዴን የሙጥኝ ያለው ግን እሱ ነው።

ጎል ሳይገባ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር ሜዳው ጮኸ። ብሩክ ኳሷን ከመሀል ይዞ ሁለቱን ጥሎ መጣ። ፊቱ በቀለ ብቻ ቀረ። «ውጣ! ውጣበት!» ይሉታል ታዲዮስና ሌሎቹ። በቀለ አልሮጠም። ሁለት እርምጃ ብቻ ወደ ጎን ሄዶ ቆመ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው። ብሩክ በግራ እግሩ መታት፤ ኳሷ ቀጥታ መጥታ የበቀለ ደረት ላይ አረፈች፤ አቅፏት ወደቀ። ጉልበቱ ሲጋጭ እኔ ድረስ ተሰማኝ።

ፊሽካው ተነፋ። ዜሮ ለዜሮ። ግርማ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ሮጬ ደረስኩ። እያለቀሰ ነበር፤ ሚስቱ ስትሄድ እንኳ አላለቀሰም ብለውኛል።

ከአጥሩ ሥር ብሩክ ጫማውን ሲፈታ አገኘሁት። «አይዞህ ልጄ፣ ጎበዝ ነህ» አልኩት።

«እናቴ፣ እኔ የምኖረው እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ጉትሎይትፊርቴል ነው» አለኝ ቀና ሳይል። «እነሱ ይመርጡኛል ብዬ የማሊያ ቁጥሬን ሁሉ አስቤ ነበር። አሁን በየሳምንቱ ኮሎኝ ድረስ ባቡር መሳፈር አለብኝ። ለሁለት ሽማግሌ ለወጡኝ።»

ቦርሳዬ ውስጥ የቀረውን ዳቦ ቆሎ እጁ ላይ አፈሰስኩለት።

መመለሻ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ግርማ አየር ማረፊያ ሸኘኝ። በኤስ-ባኑ ውስጥ አፉን አልገጠመም፤ ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ አለቃው ቅዳሜን አልፈቅድም ብሎታል፣ አቶ እድሪስ ኳሶቹን አይነፋም፣ ዳቦው ደግሞ ድንጋይ ነው። እኔ መስኮቱ ላይ ተደግፌ እንደ መዝሙር ሰማሁት። ልጄ ማማረር ጀምሯል።

ናዝሬት ገብቼ ጎረቤት ሲጠይቀኝ የነገርኩት ስለ ፎቁ አልነበረም። በእድር ስንጣላ ሁሌ የማነሳው ያንን ስብሰባ ነው፦ «ፍራንክፈርት አሥራ አራት ሰው አይቻለሁ፤ ያለ ክርክር አንድ ልብ ሆነው ወሰኑ፣ ቡድናቸውም ዳነ።» ስንቱን ጠብ በዚህ አበረድኩ። ደብተር ላስገዙኝ የኳስ ልጆችም የምለው ይኼን ነበር፤ የበሰለ ሰው ዛሬን ያሻግራል፣ ስትለዋወጡ ግን በምትኩ የሚሄደውን ልጅ ፊት አንድ ጊዜ እዩ፤ ያም ሆነ ይህ በአንድ ልብ አድርጉት።

ብዙ ዓመት አለፈ። ታዲዮስ ለዘመድ ሰርግ መጥቶ ቤቴ ጎራ አለ፤ ጸጉሩ ሸብቷል። «በእናንተ ስብሰባ እኮ ነው እድር የማስታርቀው» ስለው ሳቁን ለቀቀው። ከዚያ ስኒውን አስቀመጠ።

«እማማ፣ ልንገርዎት? ከዚያ ስብሰባ በፊት፣ ኀሙስ ዕለት፣ ኖርድኤንድ ሰፈር አንድ ካፌ ተሰብስበን ነበር። ምርጫውን እንዳንለውጥ፣ ግርማንም ከሊቀመንበርነት እንድናወርደው አሥራ ሁለታችን ፈርመናል። አቶ እድሪስ ብቻ አልፈርምም ብሎ ወጣ። ወረቀቱን ይዤ ስገባ እርስዎ ተቀምጠዋል። ሰውን እናቱ ፊት እንዴት ያወርዱታል? ከመረቁን በኋላማ አለቀ።»

«ግርማ ይኼን ያውቃል?» አልኩት።

«አቶ እድሪስ ዐርብ በስልክ ነግሮታል እኮ፣ እማማ።»

ዐርብ ነው ቀሚሴን የተኮሰልኝ።