የገመዳ ጆሮና የፈረንሳይዋ ካሴት

ገመዳ በናዝሬት ባቡር ጣቢያ ሃያ ዓመት እንጀራውን የበላው በጆሮው ነው። ባቡር ሲቆም ረጅም መዶሻውን ይዞ ይወርድና የፉርጎዎቹን የብረት ጎማ ተራ በተራ ይመታል። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ያቺ ስንጥቅ ብታመልጠው የስንት ሰው ነፍስ እንደሚጠፋ ያውቃል።

ታዲያ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ጆሮውን የሚሞርደው በአንዲት ፈረንሳዊት ዘፋኝ ካሴት ነበር። ዘፈኗን ድሬዳዋ ሰምቶ ወዶ፣ ከጓደኛው ቅጂ ላይ አስቀድቶ ነው ያመጣት። ገና ሲጀምር ከኪቦርዱ ቀጭን ድምፅ ጠብ ጠብ ይላል፣ ልክ እንደ ደህና ጎማ።

በ1979 ክረምት አንድ ጠዋት ያ ድምፅ የለም። አጠነጠነ፣ ደግሞ ከፈተ። የለም። ሚስቱ ዘርፉ ከጓሮ ስትጣራ ቆይታ፣ «ደነቆርክ እንዴ?» ብላ ስትገባ ጭራሽ አመድ መሰለ።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ጎማ ሁለቴ ሦስቴ መምታት ጀመረ። ጎማዎቹ ይጮኹለታል፤ እሱ ግን ማመን አቃተው። በመጨረሻ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንዲያዛውሩት ማመልከቻ ጽፎ ኪሱ ከተተ።

ሊያስገባ በተነሣበት ቀን፣ የባቡር ነጂው ጂብሪል ከጅቡቲ ያንኑ ዘፈን ይዞለት ከች አለ፤ ከጉምሩክ ፊናንሶች በቦት ጫማው ደብቆ ያሳለፈው፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ ኦሪጅናል ካሴት። እየጎተተ መሐመድዘይን ሙዚቃ ቤት ወሰደው፤ ከከተማው ትልቁ ቴፕ ያለው እዚያ ነው።

«ሌላ ቀን ይሁን» አለ ገመዳ። ፈርቷል።

መሐመድዘይን ግን ከፍቶታል። ቀጭኑ ድምፅ ጥርት ብሎ ወረደ። ከኋላው ደግሞ ሰምቶት የማያውቀው ሌላ ኪቦርድ አለ፤ ሴትየዋ ልትዘፍን ስትል ትንፋሿን የምትስበው ሳይቀር ይሰማል። ገመዳ የቢራ ሣጥን ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና እንባው መጣ።

መሐመድዘይን፣ ገመዳ ከኪሱ ያወጣለትን አሮጌ ካሴት ተቀብሎ ክሩን አገላብጦ አየው። «ኦቦ ገመዳ፣ የደነቆረው ይሄ ነው። ሲጀመር የቅጂ ቅጂ፤ በዚያ ላይ በየቀኑ እያጫወቱ ሙልጭ አድርገው ልጠውታል።»

ገመዳ ማመልከቻውን እዚያው ቀደደው። በዚያ ቀን እያንዳንዱን ጎማ አንድ ጊዜ ብቻ እየመታ አለፈ። ደረቱ ላይ የተጫነው ድንጋይ ወርዶለታል።

ማታ የሆነውን ሁሉ ለዘርፉ ነገራት። «ጆሮዬ ምንም አልሆነም» አላት።

«እሰይ፣ እንኳን ደህና ሆነ» አለች ዘርፉ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ውሃ ቅዳልኝ ስልህ የት ነበርክ?»

ገመዳ ጀሪካኑን አንሥቶ ዘፈኑን እያፏጨ ወጣ።