የእትዬ እሌኒ የጽጌረዳ ውሃ

ዛሬ ጠዋት ሸሚዜን በጽጌረዳ ተኮስኩት። ጎረቤቴ ለኬኳ ብላ ከቱርኮቹ ሱቅ ያስገዛችኝን የጽጌረዳ ውሃ፣ መነጽሬን ሳላደርግ፣ ጠርሙሱንም ቼክ ሳላደርግ፣ የካውያው ውሃ መስሎኝ ገልብጬበት ነው። እንፋሎቱ ቡፍ ሲል ቤቱ ሙሽራ የገባችበት መሰለ። ረፍዶብኝ ስለነበር እንደዚያው ለብሼው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ የምትቀዳልን ልጅ አሸተተችኝና፣ «ኧረ ጋሼ፣ ሰርግዎን ሳይነግሩን ሊያሳልፉ ነው?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ፤ በዚህ ዕድሜ እንደ ልቤ የምስቅበት ሰው ከራሴ ሌላ ማን ቀረኝ? ግን ባስ ውስጥ ተቀምጬ ወደ ቶተንሃም ስመለስ፣ ሽታው ከአንገትጌዬ እየተነሳ ሳቄን ቀማኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ እዚሁ ቶተንሃም፣ ባላቸው ከሞቱባቸው የቆጵሮስ ሴት ቤት ፎቁ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ስማቸው ኤሌኒ ነው፤ እኔ ገና በመጀመሪያው ቀን እትዬ እሌኒ አልኳቸውና ያው ሆነው ቀሩ። የእሳቸውም የእኔም እንግሊዝኛ ስብርባሪ ስለነበር፣ ስብርባሪው እርስ በርሱ እየገጠመ እንግባባ ነበር። የሚያወሩልኝ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለተወለዱባት፣ ተራራ ወገብ ላይ ስለተለጠፈችው፣ ቤቶቿ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቆመው ባሕሩን በሩቁ አጮልቀው ስለሚያዩባት ትንሽ ከተማ። በግንቦት ሴቶቹ ጤዛው ሳይደርቅ ወጥተው ጽጌረዳ ይለቅማሉ፣ ፀሐይ ከቀደመቻቸው ሽታው ይሸሻል፤ የተለቀመውን በትልቅ የመዳብ ድስት ቀቅለው፣ እንፋሎቱን እንደ አረቄ ጠብ ጠብ ያደርጉታል። «ያን ሁሉ ለፍታችሁ አረቄ ካላወጣችሁበት ምን ዋጋ አለው?» ብላቸው በወጥ ቤት ፎጣ መቱኝ። በዚያ ውሃ ሙሽራ ይረጫል፣ ሬሳ ይረጫል፣ በስቅለት ማታ በአበባ አጊጦ ከተማውን የሚዞረው የክርስቶስ የቀብር አልጋም ይረጫል። እኔን የገረመኝ ግን የመንገደኛው ነው። የሚሄደውን ሰው የሚቀረው ሰው በር ላይ ይረጨዋል፤ የተረጨ ሰው ወደ ረጩት ሰዎች በር ይመለሳል፤ ለርጭቱም ዋጋ የተረጨው ሰው አንድ ማለዳ ጽጌረዳ ይለቅማል።

እሳቸውን የረጫቸው ሰው አልነበረም። አባታቸው ያልወደዱትን ልብስ ሰፊ አግብተው ሲወጡ፣ አባትዬው ጠርሙሱን ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበት ነበር። ታናሽ እህታቸው አንድሩላ በየዓመቱ አንድ ጠርሙስ ትልካለች፤ እሳቸውም መሄዱን በየዓመቱ ለሚቀጥለው ግንቦት ይቀጥራሉ። አባትም ባልም አልፈዋል፣ የሚከለክላቸው የለም፤ ሻንጣው ግን አልጋ ሥር አቧራ ይጠጣል። ያልተረጨ ሰው ቢሄድም መንገዱ ይጠፋበታል፣ ይላሉ እየሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ ያልቅ ነበር።

ደርግ ወድቆ እናቴን ለማየት የተነሳሁ ዕለት፣ እትዬ እሌኒ በሩ ላይ ቆመው ፊቴንም ሻንጣዬንም ረጩ፤ የታክሲውንም መስተዋት ሳይቀር ስለረጩት ሹፌሩ ዝናብ መስሎት መጥረጊያውን አበራ። እናቴ አቅፋኝ አንገቴን ሳመችና፣ «ምነው የሰው ቤት ሸተትክብኝ?» አለች። እዚያው ልቅር ብዬ የሄድኩት ሰውዬ፣ በወሩ ተመለስኩ። የቶተንሃሙን በር በቁልፌ ስከፍት ነው የገባኝ፤ የተረጨሁት እዚህ በር ላይ ነው፣ የምመለሰውስ ወዴት ሊሆን ኖሯል? እናቴን ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

ይህን እንደ ቀልድ ስነግራቸው አልሳቁም። «እናትህ አሁን በር በሩን እያየች ነው» አሉ፤ ቀጥለውም፣ «አንድሩላም እንደዚሁ» አሉ። በዚያው ሳምንት ቲኬት ቆረጡ።

የሚሄዱበት ቀን ጠርሙሱን ከጀርባዬ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ገና ሳያዩት አወቁ። «አንተ ልጅ፣ እንዳትረጨኝ! የምሄደው ልቀር ነው።» ልጅ የሚሉት ፀጉሩ የሳሳውን ሰውዬ ነው። አውራ ጣቴ ክዳኑ ላይ ነበር። አንዲት ጠብታ ኮታቸው ላይ ብታርፍ ማን ያያል? ማታ ማታ ማን ያወራኛል፣ በፎጣስ ማን ይመታኛል? ታክሲው ጥሩምባ ነፋ። ክዳኑን አጥብቄ ሻንጣቸውን አነሳሁላቸው።

አልተመለሱም። ቤቱን ሌላ ከተማ የሚኖረው ልጃቸው ሸጠው፤ ዛሬ በዚያ በር የሚወጣና የሚገባውን ሰው አላውቀውም፣ ሰዎቹም እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ አይመስሉም።

ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ አንድሩላ ደወለች። እትዬ እሌኒ በተወለዱበት ቤት፣ በገዛ አልጋቸው ላይ አርፈው ነበር። አልቅሳ ስትጨርስ ኮስተር ብላ፣ «አንተ በእኛ ውሃ ተረጭተህ ሳትለቅም ቀርተሃል። እህቴ እንዳትለቂው ብላኛለች» አለችኝ። እሺ አልኳት። ያኔ ተራራ የሚወጣ ጉልበት ነበረኝ፤ ሥራ አለ፣ ፈቃድ የለም እያልኩ ቆየሁ። አሁን ፈቃዱ ሞልቶ የራሴን ደረጃ የምወጣው የተበላሸውን አሳንሰር እየረገምኩ ነው። አንድሩላ እስካሁን በየፋሲካው ትደውላለች፤ ዓይኗ ፈዟል፣ አብረዋት የሚለቅሙት አልቀዋል፣ ግን አልተወችኝም። አንድ ማለዳ አለብኝ።