አማቶቼ እንዲሰሙት ያስቀየርኩት ማርሚታ

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሐምሌ ውስጥ ነው። አስታዋሽ አያስፈልገኝም፤ ሳላስበው የዋልኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ስሙን እንኳ በጊዜው ያልጠየቅሁት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ባይኖር ኖሮ ዛሬ ቤቴ ባዶ ነበር፤ ምናልባት እኔም የለሁም።

ደብረ ማርቆስ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ይህን ቀድሜ የነገርኳችሁ በኋላ በደንብ እንድትታዘቡኝ ነው።

መኪናዬ ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማታንስ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ዝቅ ያለች የድሮ የስፖርት መኪና ናት። ባለቤቴ ሰናይት «ወደ ውስጥ የሚወረድባት መኪና» ትላታለች። እኔ ግን እወዳታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኝ ነበር፤ መልኳ እንዲያ ሆኖ ድምፅዋ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው።

የመጀመሪያ ልጃችን ሰማንያ ቀን ሊሞላት ሲቃረብ ክርስትናዋ በባለቤቴ አገር፣ ደጀን እንዲሆን ተወሰነ። እኔም ልጅ ይዤ አማቶቼ ደጅ ስደርስ ከሩቅ መሰማት አማረኝ። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዲሉ፣ ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን ጋሽ አለኸኝ የሚባሉ በያጅ ዘንድ ሄድኩ። የሞተሩን ድምፅ የሚያፍነውን የድሮውን ማርሚታ አስወልቄ ወፍራም አዲስ የጭስ ቱቦ አስገጠምኩ።

«መምህር፣ ጭራው አጥሯል» አሉኝ ጋሽ አለኸኝ። «ጭሱን ከመኪናዋ ሆድ ሥር ነው የሚተፋው። መጋጠሚያውንም ለጊዜው ነካ ነካ ነው ያደረግሁት። ነገ ጠዋት ይምጡና ላስረዝመው፤ ዙሪያውንም ልበይደው።»

ሞተሩን አስነሥቼ ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ የመንገዱ ሰው ሁሉ ዞር አለ። ከዚያ በኋላ ማን ምክር ይሰማል? «ከደጀን ስመለስ» ብያቸው ሄድኩ። እርሳቸው ጥፋት የለባቸውም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ተነሣን። ሰናይት ልጃችንን ታቅፋ ከኋላ ተቀመጠች፣ እናቴ ከጎኔ። ዝናብና ጉም ነበር። እናቴ በመስኮት የሚገባ ነፋስ ከጦር በላይ ትፈራለች። ልጅ ሆኜ በአውቶቡስ ስንሄድ መስኮት የከፈተ ሰው ሁሉ ከእሷ ጋር ተኳርፎ ነበር የሚወርደው። ያን ቀንማ ምክንያትም አገኘች። «አራስ ይዘህ መስኮት ትከፍታለህ? ነፋስ ይምታት?» ብላ አዘጋችን።

ሉማሜን እንዳለፍን ጭስ ጭስ ሸተተኝ። ከፊታችን አሮጌ የጭነት መኪና ስለነበር የእሱ መሰለኝ።

«ይሄ ሽታ ምች ያመጣል፣ ደህና አድርገህ ዝጋው» አለች እናቴ። የቀረችውን የአየር ማስገቢያ ዘጋሁ።

ትንሽ ቆይታ ሰናይት ራሴን ፈለጠኝ፣ አጥወለወለኝ አለች። እናቴ አላመነታችም፤ ምች ነው። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ዳማከሴ ፈታ በእጇ አሸችው፤ ለሰናይት ካሸተተቻት በኋላ ለእኔም አፍንጫዬ ሥር አመጣችልኝ። መኪናው በዳማከሴ ታወደ፤ ከዚያ ወዲያ የጭሱ ሽታ አልተሰማኝም። የእኔም ራስ መውቀር ጀምሮ ነበር። «ሁላችንንም መታን» አለች እናቴ። እኔም አመንኩ።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ራስ ያሳምማል፣ ያጥወለውላል፣ ያስተኛል፣ ከዚያም ይገድላል ብዬ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ፈተናም አወጣበታለሁ።

ደጀን መግቢያ ስንደርስ ከኋላ ድምፅ የለም። ሰናይት አንገቷን ጥላ ተኝታለች፣ ልጅቷም ጭጭ ብላለች። እንዲያውም ደስ አለኝ። «ድምፁ እሹሩሩ ሆነላቸው» አልኩ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ለሰናይት ለስላሳ ልገዛላት ቆምኩ። ሞተሩን ግን አላጠፋሁም፤ የደጀን ሰው ይስማው ብዬ። ስወርድ ዞረብኝና በሩን ይዤ ቆምኩ። እዚያ የዓባይን ቁልቁለት ከመውረዳቸው በፊት ጎማና ፍሬናቸውን የሚያዩ የጭነት መኪና ሹፌሮች ነበሩ። ከመካከላቸው አንድ ጎልማሳ መኪናዬን አፍጥጦ ሲያይ የወደዳት መስሎኝ ፈገግ አልኩለት። እሱ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየ፤ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ።

«አጥፋው! ሰዎቹን አውጣቸው!» ብሎ በእናቴ በኩል ያለውን በር በረገደው።

እናቴ ነቃች። «ነፋስ! አራስ አለች እኮ! ምን ያለው ባለጌ ነው!» ብላ በጃንጥላዋ ትከሻውን አለችው።

«ይምቱኝ እናቴ፣ ውጭ ሆነው ይምቱኝ» እያለ ደግፎ አወጣት።

ወንበሩን አጥፎ ወደ ኋላ ገባና ልጄን አቀበለኝ። እጇ እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ሰናይትን ጎትቶ ሲያወጣት እኔ እንደ ግንድ ቆሜያለሁ። ልጄን የምንጠራበት ስም ነበረን፤ በዚያች ሰዓት ስሟ እንኳ ጠፋኝ።

«ምን ታቅፋታለህ? ፊቷን ግለጠው፤ ለነፋስ ስጣት!» ብሎ ጮኸብኝ።

እናቴን አየኋት። መሬት ላይ እንደተቀመጠች በእጇ አፏን ይዛለች። መጠቅለያዋን ፈትቼ ልጄን ለነፋስ ሰጠኋት። ሰውዬው የውስጥ እግሯን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ «ነይ እማ፣ ነይ» ይላታል። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። መጀመሪያ አሳላት። ከዚያ አለቀሰች፤ በልቅሶዋ ሰናይትም ዓይኗን ገለጠች። ሹፌሩ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

የጭነት መኪናውን ለጓደኛው አደራ ብሎ ሐኪም ቤት ድረስ አብሮን በባጃጅ ሄደ። ሁላችንም ኦክስጅን ተሰጠን። ሐኪሙ «ጥቂት ደቂቃ ብትዘገዩ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ሰናይትን አይቶ ተወው። እንዴት እንዳወቀ ሹፌሩን ጠየቅሁት። ድሮ አንድ የሥራ ባልደረባው ብርድ ፈርቶ፣ ሞተር አስነሥቶ፣ መስኮት ዘግቶ ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ነበር። «እኔ ሻይ ልጠጣ ወርጄ ነበር፤ ስመለስ አልነቃልኝም» አለ።

እናቴ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዛት። «ግድ የለም እናቴ፤ ጃንጥላዋን ብቻ ለሌላ ሹፌር ያቆዩልኝ» አላት። ሳቅንም አለቀስንም። ስሙን ልጠይቀው ትዝ ያለኝ ከሄደ በኋላ ነው። ሮጬ ብወጣ መኪናው ቁልቁለቱን ጀምሯል አሉኝ።

ከሩቅ ሊሰማ የነበረው አማች፣ አማቶቹ ደጅ በባጃጅ ደረሰ። ልጄም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች።

አሁን የድሮው ማርሚታ ወደ ቦታው ተመልሷል። ጋሽ አለኸኝ ሲገጥሙት አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ይህም ደግነታቸው ነው። እናቴ ዛሬ አውቶቡስ ስትሳፈር መስኮት ካልተከፈተ ብላ ነው የምትጣላው። እኔም የካርቦን ሞኖክሳይድ ትምህርት ሲደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ ተማሪ ቢስቅብኝም አልቀየምም። ያ ሹፌር ይህን ቢያነብልኝ ደስታዬ ነው። ወንድሜ፣ ውለታህን የምመልስበት መንገድ አላገኘሁም፤ ወጥተህ ግባ።

ልጄ አፍ ፈትታለች። ስታለቅስ ግን ሰፈሩን ታውከዋለች። ጎረቤቶቼ «መምህር፣ ምነው አባብሏት እንጂ!» ይሉኛል። አባብላታለሁ። ግን ቶሎ ብዬ አልነሣም፤ መጀመሪያ ትንሽ እሰማታለሁ።